ካቻቢቴዬ ምን በደለ?

በእኛ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ ይከፈት ነበር። ክሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃ ነው።

ራዲዮ ዝም ሲል ጀርባውን ፈትተን አቧራውን እፍ እንልበት ነበር፤ አፍሮ ይናገራል። የዛሬው ስልኬ ግን ጭራሽ ብሎን የለውም፤ በሙጫ ነው የታሸገው። ብሎን ያላቸውም ቢሆኑ ለእኔ ቢጤ አልተሠሩም። የአይፎን ብሎን ጭንቅላቱ እንደ አበባ አምስት ቅጠል ስላለው ቤቴ ያለው ካቻቢቴ ሁሉ ሥራ ፈትቷል። ጥገና ቤት ብወስደው ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየና «አባባ፣ ከሚያስጠግኑት አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል» አለኝ። አዲስ! እ.ኤ.አ. በ2020 አፕል ቻርጀሩን ከካርቶኑ ሲያወጣ ለአካባቢ ጥበቃ ብዬ ነው ብሏል። ካርቶኑ አነሰ፤ ዋጋው ግን መቼ አነሰ?

መኪናማ አይነሳ። ቮልስ ያለው ሰው ፒንሳና ትዕግሥት ከያዘ ጎንደር ይገባ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፣ ውኃ አምጡልኝም አትልም። ካንዴላ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት የማያሽ የሰፈር ጎረምሳ አልነበረም። አሁን ኮፈን ሲከፈት የሚታየው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። መካኒኩ እጁን ቅባት ሳይነካው ገመድ ሰክቶ «ኮምፒውተሩ እንዲህ ይላል» ይልና ዋጋ ይጠራል። ከሰውየው ጋር እንከራከር ነበር፤ ከኮምፒውተር ጋር ምን ተብሎ ይከራከሯል?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለና ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ድምፅ ስለሌላት ከኋላዬ መጥታ ስታስደነግጠኝ ትኖራለች፤ እሱስ ይሁን። ስክሪኗም ንግግሯም ቻይንኛ ነው! በር በተከፈተ ቁጥር አንዲት ሴት አንድ ነገር ትላለች። ሚስቱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ነው ትላለች፤ እሱ «ቀበቶ እሰሩ» ነው ይላል፤ እኔ ግን ከድምፅዋ አወጣጥ ስድብ ነው ባይ ነኝ። አንድ ቀን መገናኛ ላይ መብራት አብርታ ረጅም ንግግር አደረገች። እግዚኦ እያልን ወርደን ዞርናት፣ ጎማውን ረገጥን፣ ሥሯን አጎንብሰን አየን። በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሲያስተረጉም፣ ለካ የመስታወት መጥረጊያው ውኃ አልቆ ኖሯል። ለዚህች ነው ያ ሁሉ ዲስኩር!

የፈረንጁ ግን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢኤምደብሊው በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያ በወር ክፍያ አቀረበ። ማሞቂያው ወንበሩ ውስጥ ተገጥሞ ነው የተሸጠው፤ ግን ካልከፈሉ አይሞቅም። ጩኸቱ ሲበዛ በዓመቱ ተዉት። አዲስ አበባ ማን ማሞቂያ ይፈልጋል አትበሉኝ፤ በክረምት የእኔን ወገብ ጠይቁት። ደግሞስ ነገ ፍሬኑን በወር እንደማያከራዩን ማን ዋስ ይሆነኛል?

ይህን ሁሉ እሮሮ ይዤ ስልኬን ወደሸጠልኝ ድርጅት ደወልኩ። መጀመሪያ ማሽን ዘፈነልኝ፤ ከዚያ «ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» አለኝ። ዋጋ ካለው አንሡታ! ሻይዬ ከቀዘቀዘ በኋላ አንዲት ልጅ አነሣች። ትሑት ናት፣ አሳዳጊዎቿ ይባረኩ።

«አባባ፣ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት።»

«ልጄ፣ የማናግርሽ እኮ በዚሁ ስልክ ነው።»

«እሺ አባባ፣ ግን ይሞክሩት።»

አጠፋሁት፤ እሷም አብራ ጠፋች።