ራዕይ በፍሬም

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው አሞሌውንና ቡናውን ጭኖ ይመጣል፤ ቀረጡን ይከፍላል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል። «ራዕያችን»፣ «ተልዕኳችን»፣ «እሴቶቻችን» የሚል ሰሌዳ በበቅሎ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ግን ተጽፎ አላየሁም። ምስኪኖች፣ ያለ ራዕይ ነበር የሚነግዱት!

ዛሬ ሰሌዳ ያልሰቀለ ድርጅት ድርጅት አይባልም። አንዱ ዘንድ ገብቼ ቀና ብል፣ «በ2012 ዓ.ም. ተመራጭና ዘላቂ ተቋም ሆኖ ማየት» ይላል። ዓመቱ ካለፈ ቆየ፤ ራዕዩ ግን ከሚስማሩ ንቅንቅ አላለም። ለዘላቂነት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ከሥሩ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሏል። ንጉሡ ደረሰኝ ሊያስመቱ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማኅተም ያዧ ስብሰባ ገብታለች። (አጀንዳው እሴቶቹን ማስረጽ ነው አሉ።)

እዚያው ይፋግ አካባቢ ያለው የፎገራ ገበሬም እንደ ነጋዴው ሰሌዳ የለውም። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ማሳ ላይ ሩዝ ያበቅላል፤ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ገለባውን ከብቱ ይበላዋል፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። የሚባክን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እንዲህ ያለውን ሰው ባሕር ዳር ሆቴል አስገብተን ስለ ዘላቂነት ሦስት ቀን ልናሠለጥነው እንችላለን። አበል ካለው መምጣቱን አልጠራጠርም።