ሰርዤዋለሁ!

እኛ የመቐለ አዲ ሓቂ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው ጎረቤታችን ስለሆነ ብቻ የተማርን ይመስለናል። የጎረቤቴ ልጅ ከኮምፒውተርና ከስልክ ማስረጃ ማውጣትን፣ «ዲጂታል ፎረንሲክስ» የሚባለውን፣ ማጥናት መጀመሩ በተሰማ ሰሞን ግን ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የጠፋ ፋይሉን እንዲያወጣለት ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ግማሹ ልጁ ሲያልፍ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ለነገሩ ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው፤ የሚለየው ቀኑ ነው።

ነገሩን ቡና ላይ አስረዳን። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ብዙውን ጊዜ ፋት በሚባል ሥርዓት ነው የሚሠሩት። አንድ ፋይል ስንሰርዝ ሥርዓቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይለውጥና «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ብሎ ይመዘግባል እንጂ ይዘቱን አይነካውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ይህን ሲሰሙ እናቱ «እሰይ!» አሉ፤ የልጅ ልጃቸው የክርስትና ፎቶ ተሰርዞባቸው ነበርና። ታላቅ ወንድሙ ስኒውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። እሱ እሰይ አላለም።

ተማሪው ልጅ «እማዬ፣ በዚህ ካርድ ሌላ ፎቶ እንዳታነሺ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል» ብሎ አስጠነቀቃቸው። «እሺ ወደይ» አሉና ካርዱ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ አራት ፎቶ አነሱ።

ከካርድና ከፍላሽ ጋር ያለን ፍቅር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ዓመታት መቐለ ውስጥ ፋይል በእግሩ ነበር የሚሄደው። ዘፈኑም፣ የሰርግ ቪዲዮውም፣ የዘመድ ፎቶውም ከኪስ ወደ ኪስ ይዞር ነበር፤ ቫይረሱም አብሮ። ያ ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ ፎልደሮቻችንን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ሲያስቀምጥ «ጠፋሁ!» የማይል ሰው አላየሁም። ፋይሉ ግን እዚያው ነው፣ የተደበቀውን ማሳየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኛ ግን ለራስ ምታትም ለቁርጠትም የሚበቃ አንድ መድኃኒት አለን፦ «ፎርማት አድርገው!» ፎርማት ካደረግን በኋላ ነው ምን እንደነበረበት የምንጠይቀው።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተርማ ከነፍስ አባታችን ቀጥሎ ምስጢራችንን የሚያውቅ እሱ ነው። ዊንዶውስ የተሰካበትን ፍላሽ ሁሉ፣ መለያ ቁጥሩን ሳይቀር፣ በመዝገቡ ይይዛል። ፋይሉም ራሱ ይናገራል፦ አንዱ ተማሪ «ይህን አሳይመንት ከማንም አልወሰድኩም» ብሎ ይምላል፤ ፋይሉን ከፍተው ባሕርዩን ሲያዩት የጻፈው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። ደግነቱ እዚያ ላይ የእውነት ስሙን የሚያስገባ ሰው እምብዛም ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ደራሲው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ዩዘር ይባላል። እኔም ከዚህ ደራሲ ጋር ብዙ ሠርቻለሁ፤ ዴስክቶፔ ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2» እና «የእውነት ፋይናል» የሚሉ የጋራ ሥራዎቻችን አሉ። የትኛው የእውነት እንደሆነ ፎረንሲክስም አይለየውም።

ሰዓት ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ሥራ በሰዓቱ ያስረከበ ለመምሰል የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ብልህ አለ፤ ዊንዶውስ ሰዓቱ መነካቱን ራሱ ይመዘግባል። በዚያ ላይ ፈረንጆች የጻፉት የምርመራ መጽሐፍ የእኛን ሰዓት አያውቅም። «3 ሰዓት ላይ ነው የጻፍኩት» ይላል ተማሪው፤ ፋይሉ 9፡00 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። በኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ልዩነት ይዞም ንጹሕ መሆን ይቻላል።

ትምህርቱ ሲጠናበት ልጁ ጥብቅ ሆነ። ዋናውን ዲስክ አይነካም፤ ቅጂውን ይወስዳል፣ ሐሽ የሚባለውን አሻራ ያወጣል፣ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል ይላል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን የባሏን ስልክ በሻሽ ጠቅልላ መጣች። «ሓወይ፣ ተሰርዞ የቀረ ነገር ካለ ትንሽ ብቻ እየው።» ልጁ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ መግባት ወንጀል መሆኑን አስረዳት። «በቁርባን ያገባሁት እኮ ነኝ» አለችው፤ «ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ?»

አመሻሹ ላይ ባልየው መጣ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተሰረዘ ነገር እውነት ይመለሳል?» አለ። ልጁ አፉን ሳይከፍት ፈጥኖ ጨመረ፦ «ለእኔ አይደለም፤ ጓደኛዬ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።»