ጫጉላ በአማልክት ሰፈር

አባቶቻችን ሠርግን ባቆሙበት ሥርዓት፣ ሙሽራና ሙሽሪት ወደ ጫጉላ ቤት ከገቡ በኋላ ከእነርሱ የሚጠበቀው ዋና ተግባር መቀመጥ ነበር። ሙሽሪት ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ተከልላ፣ ፀሐይ ሳያያትና ነፋስ ሳይነካት፣ ገንፎውና ጭኮው፣ ዶሮ ወጡና ጠጁ በየተራ እየቀረበላት ትሰነብታለች፤ ሙሽራውም በሚዜዎቹ ተከቦ፣ እስከ ደጃፉ ደርሶ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ ሳይጠየቅ፣ ለሠርጉ የተሰፋለት ልብስ ጨርሶ እንቢ እስኪለው ድረስ ይቀለባል። ይህ ሥርዓት ስንፍናን ያስተምራል የሚል ሰው ቢኖር፣ ትናንት የተዋወቁ ሁለት ነፍሳት በአንድ ጣራ ሥር ሳይጣሉ ተቀምጠው መሰንበታቸው ምን ያህል ተጋድሎ እንደሚጠይቅ ያልቀመሰ ሰው መሆን አለበት።

የዛሬ ዘመን ሙሽሮች ግን ጫጉላን በእግር የሚፈጸም ነገር አድርገውታል። የታላቅ እኅቴ ልጅ ሊያገባ በተሰናዳ ጊዜ እጮኛውን ይዞ ወደ እኔ መጣና፣ የጫጉላቸውን ጉዞ ወደ ግሪክ አገር እንዳሰቡ፣ በዚያም በባሕር ዳር ተጋድመው ሳይሆን ተራራ እየወጡ፣ ሸለቆ እየወረዱ፣ በየደረሱበትም የጥንት አማልክትንና ጀግኖችን ታሪክ እያነሡ ሊሰነብቱ እንደ ፈቀዱ ነገረኝ፤ እኔም መጻሕፍት ያገላብጣል ተብዬ በዘመድ ዘንድ ስለምታማ፣ የሚሄዱባቸውን ስፍራዎች መርጬ በየስፍራው ተፈጸመ የሚባለውን አፈ ታሪክ ከጎኑ ጽፌ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ልጅቱ ከእርሱ ይልቅ ጠንቃቃ ናትና፣ «ጋሼ፣ ለሙሽሮች የሚስማማውን ብቻ ይምረጡልን» ስትል አከለችበት።

መከራዬን ያበዛችው ይህች ጭማሪ ናት። የግሪክን አፈ ታሪክ ለጫጉላ መሪ ይሆናል ብሎ የሚያነብ ሰው፣ የባልና ሚስት ክርክር የሚታይበትን የችሎት መዝገብ ለሠርግ ዘፈን ይሆናል ብሎ እንደሚከፍት ነው፤ መልክዐ ምድሩ እጅግ ያማረበት ስፍራ ሁሉ አንድ የፈረሰ ትዳር ታቅፎ ተቀምጦ አገኘሁትና። ናክሶስን ያዝሁ፤ ባሕሯ የጠራ፣ ተራራዋም ከ1000 ሜትር ጥቂት ከፍ የሚልና ለሙሽሪት እግር የማይከፋ ደሴት ናት። ነገር ግን የቀርጤሱ ንጉሥ የሚኖስ ልጅ አርያድኔ፣ አባቷን ከድታ፣ ለምትወደው ለቴሴዎስ የክር ልቃቂት ሰጥታ፣ ሰው የሚበላው በሬ ከተሸሸገበት መውጫው ከማይታወቅ ቤት ካዳነችው በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ጥሏት በመርከብ የሄደው በዚህችው በናክሶስ ዳርቻ ነው። በኋላ የወይን ጠጅ አምላክ ዲዮኒሶስ አግኝቶ አገባት ይላሉ፤ ልጅ ለሚድር ወላጅ ግን ከከዳተኛው እጅ ወጥታ በጠጅ አምላክ እጅ መግባቷ መጽናኛ የሚሆነው አይመስለኝም።

ናክሶስን ሰርዤ ወደ ፔሊዮን ተሻገርሁ፤ ደኑ የበዛ፣ ባሕር የሚታይበት፣ ከወገቡ በላይ ሰው ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነው መምህር ኪሮን ይኖርበት የነበረ ተራራ ነው፤ ያውም የፔሌዎስና የባሕሯ እመቤት የቴቲስ ሠርግ፣ አማልክት ሁሉ የታደሙበት፣ እዚያ ተደግሷል። ደስ ብሎኝ ልጽፈው ስል ግን የሠርጉ ፍጻሜ ትዝ አለኝ፤ ከአማልክት ሁሉ የጠብ እመቤት ኤሪስ ብቻ ሳትጠራ ቀርታ፣ በግብዣው መካከል «ለውቢቱ» የሚል የተጻፈበት የወርቅ ፖም ወረወረች፤ በዚያ ፖም የተነሣም የትሮያ ጦርነት መጣ። ይህንን ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ ባጫወትኋቸው ጊዜ፣ የጥሪ ወረቀቱ በዝቷል ተብለው ይወቀሱ ነበርና፣ «ይኸው! እኔስ ምን አልኋችሁ?» ብለው ስማቸው የተዘለለ የሩቅ ዘመዶችን በዚያው ሌሊት ጨመሩ። ከአፈ ታሪክ ጥናት የተገኘ ጥቅም ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ወጪውን ግን የከፈለው ሙሽራው ነው።

የዜውስንና የሄራን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የሐዋርያት ሥራ ድያ እያለ የሚጠራው ይህ የአማልክት አለቃ፣ በሳሞስ ደሴት ከሄራ ጋር የተሞሸረባት ሌሊት 300 ዓመት ፈጅታለች ይባላል፤ ልጃችን ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው ፈቃድ ለዚህ አይበቃም። ዜውስ ከዚያ በኋላ የሠራውን ደግሞ በሙሽሪት ፊት የሚናገር ሽማግሌ የለም።

ቆሮንቶስም ብትሆን፣ ሜዴያ ባሏ ያሶን ሌላ ሊያገባ ቢነሣ በልጆቿ ደም የተበቀለችባት ከተማ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ጋብቻ በሰፊው የጻፈው ለሌላ ሳይሆን ለቆሮንቶስ ሰዎች መሆኑን አሰብሁና፣ መልእክቱ አድራሻውን አልሳተም አልሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ የኦርፌዎስ ነገር ነው። ይህ በበገናው አራዊትን የሚያስከትል ሰው፣ ሙሽሪቱ ኤውሪዲኬ ገና በጫጉላዋ በእባብ ተነድፋ ብትሞትበት፣ በግሪክ ምድር ደቡብ ጫፍ፣ በቴናሮን ባለው ዋሻ በኩል ወደ ሲኦል ወርዶ የሙታንን ንጉሥ በዜማ አራርቶ አስፈታት፤ የተሰጠው ትእዛዝም አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱ ከፊት፣ እርሷ ከኋላ ሆነው ወደ ብርሃን እስኪወጡ ድረስ ዘወር ብሎ እንዳያያት። እርሱ ግን ከደጃፉ ሲደርስ፣ ትከተለኝ ይሆን እንዴ ብሎ ዘወር አለና ለዘላለም አጣት። ይህንን ሁሉ ጽፌ ባስረከብሁ ጊዜ ልጅቱ እስከ መጨረሻው አንብባ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንሄደው ስፍራውን ለማየት እንጂ ባሎቹን ለመምሰል አይደለም» አለችኝ፤ እጮኛዋ ግን ዝም አለ፤ ዝምታው መልካም ጅምር ነው።

ከዚህ በኋላ የወራት ክርክር ተነሣ። እትዬ፣ ሠርጉ እንደ ወጉ ከጥምቀት በኋላ በጥር ይሁን አሉ፤ በጥር ግን ሊወጡት ያሰቡት የኦሊምፖስ ተራራ በበረዶ እንደ ተሸፈነ፣ ሊወርዱበት ያሰቡት በቀርጤስ ያለው የሰማርያ ሸለቆም እንደ ተዘጋ ነው፤ ሸለቆው ለተጓዥ ክፍት የሚሆነው ከሚያዝያ መገባደጃ እስከ ጥቅምት ነውና። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን ሲባል፣ የኦሊምፖስን ራስ በረዶው እስከ ሰኔ ድረስ አይለቀውም፤ በረዶው ሲለቅ ጾመ ሐዋርያት ይይዛል፤ ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ በአገራችን ዝናቡ ድንኳን አያስተክልም፤ ነሐሴ ሲጠባ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ባሕረ ሐሳብን የደረሱት ሊቃውንት የግሪክን በረዶ አላማከሩ፣ በረዶውም እነርሱን አላማከረ፤ ስለዚህ ነገሩ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ሲንከባለል ሰንብቶ፣ ከመስቀል በኋላ ጾመ ጽጌ ሳይገባ ባለችው ሳምንት ላይ ረጋ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ፤ እትዬ ግን ፈቃዳቸው መጾም ስለ ሆነ ክርክሩ በዚያው ቆመ።

ወሩ ቢገኝም እትዬ «ልጄ በጣዖት አገር ሲዞር ይሰነብታል» በሚል ኀዘን ላይ ነበሩ። ያጽናናኋቸው በሰማርያ ሸለቆ ነው። ከላይ ከነጭ ተራሮች ተነሥቶ እስከ ባሕር ድረስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርደው ይህ ሸለቆ፣ በ1962 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብሔራዊ ፓርክ የሆነ፣ ክሪ ክሪ የሚባለው የዱር ፍየል የሚጠለልበት፣ በአንዳንድ ስፍራ ግራና ቀኙ ገደል ወደ ሰማይ ሲወጣ መካከሉ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚቀር ነው፤ ነዋሪዎቹ ትተውት በሄዱት መንደር አጠገብም የግብፃዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ሸለቆው አልቆ የሚያሳየው ባሕርም ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ ጾም ካለፈ በኋላ በባሕር መሄድ አደገኛ ነው ብሎ ሲመክር ያልሰሙት መርከበኞች በማዕበል የተያዙበት ባሕር ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራና፣ «እንግዲያማ ገዳም ነው የሚሳለሙት» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። እኔም አላረምሁም።

ኦሊምፖስ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ሚቲካስ 2917 ሜትር ነው፤ አማልክት በደመና ተከልለው የሚኖሩበት እየተባለ በዘመናት ሁሉ ሲፈራ ኖሮ፣ በ1913 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ክሪስቶስ ካካሎስ የሚባል የሊቶኮሮ ከተማ አዳኝ ሁለት የስዊስ ሰዎችን እየመራ ከጫፉ አደረሰ። በዚህ ጊዜ እትዬ ቁጥሩን ሰምተው፣ የራስ ደጀንን ከፍታ ጠየቁኝ፤ ከ4500 ሜትር በላይ ነው ስላቸው፣ «ታዲያ ሁለት ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ተራራ ለመውጣት ነው በአውሮፕላን የሚሄዱት?» አሉ። ነገሩን ሳስተውለው የባሰ ሆኖ አገኘሁት፤ የዜውስ ዙፋን የሚባለው የስቴፋኒ ጫፍ 2909 ሜትር ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3000 ሜትር ያልፋልና፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ዘመናቸውን ሁሉ ከአማልክት ዙፋን በላይ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ነገር ግን አንድ ባለቅኔ እንኳ ያልዘመረላቸው ናቸው ማለት ነው። ሙሽራው ግን ኦሊምፖስ ከባሕር አጠገብ የሚነሣ ስለ ሆነ ድካሙ በጫፉ ከፍታ ብቻ አይለካም፤ የመጨረሻውም መንገድ ክፉ ደረጃ የሚባል፣ በእጅም በእግርም የሚወጣ ዐለት ነው ብሎ ተሟገተ። ልጅቱ ከ2000 ሜትር በላይ ያለው የተራራ ተጓዦች ማደሪያ ቤት ድረስ እንውጣ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለአማልክቱ እንተውላቸው ብላ ፈረደች፤ እኔም ስለ ፍርዷ አደነቅኋት፤ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ባለ ሥልጣን ያለ ቀጠሮ ሲደርሱበት አይወድም።

ስለ ሜቴኦራ ክርክር አልነበረም። መነኮሳት በአየር ላይ የተንጠለጠሉ በሚመስሉት የዐለት አዕማድ ላይ ገዳማቸውን ሠርተው፣ ሰውም ዕቃም በመረብ ተጎትቶ ይወጣበት የነበረ፣ ደረጃው የተፈለፈለው ዘግይቶ የሆነ ስፍራ ነው። የታላቁን ገዳም መሥራች አትናቴዎስን ንስር ተሸክሞ አወጣው የሚል ትውፊት አላቸው፤ እኛም ደብረ ዳሞ ላይ አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ አወጣቸው እንላለን፤ ልዩነቱ እነርሱ ዘንድ ሴት ረዘም ያለ ቀሚስ ለብሳ ስትገባ፣ እኛ ዘንድ ግን ገመዱ ለወንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሙሽሪቷ ይህን ሰምታ፣ ከንስሩም ከዘንዶውም ደረጃው ይሻላል አለች።

የቀረው የትዳር ምሳሌ የሚሆን አንድ ስፍራ ማግኘት ነበር። በፓርናሶስ ተራራ፣ ከደልፊ በላይ፣ ከማየ አይኅ የተረፉት ደውካልዮንና ፒራ ድንጋይ በትከሻቸው ወደ ኋላ እየወረወሩ ሰውን እንደ ገና አበዙ ይባላል፤ ተባብሮ መሥራትን ያሳያል፣ ነገር ግን የቤት ሥራው ለጫጉላ ይከብዳል። በመጨረሻ ያገኘኋቸው ፔርሴዎስንና አንድሮሜዳን ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ፣ እናቷ ካስዮጵያ ከባሕር ደናግል ይልቅ ቁንጅና የእኛ ነው ብላ በመመካቷ፣ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ በዐለት ታስራ ሳለች፣ ፔርሴዎስ በክንፋም ጫማው ሲያልፍ አይቷት አውሬውን ገድሎ አገባት፤ በሠርጉም ላይ ቀድሞ የታጨችለት አጎቷ ሠራዊት ይዞ ቢመጣ፣ ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የጭራቂቱን የሜዱሳን ራስ አሳይቶ ሁሉንም ድንጋይ አደረጋቸው። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የራቀውን እንደሚጨምሩ ሊቃውንት ይነግሩናል፤ በሠርግ ጊዜ ግን የዘር ሐረግን እስከዚህ የሚመረምር ሰው የለም። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በዚያ ሁሉ የአማልክትና የጀግኖች መዝገብ ውስጥ ባል ሳይከዳ፣ ሚስት ሳትበቀል፣ ልጅ ወልደው አብረው ያረጁት ጥንዶች እነዚህ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ፔርሴዎስም የሚኬኔን ከተማ ቆረቆረ፤ እኔም በዝርዝሩ ጻፍኋት። እትዬ የፔርሴዎስን አባት ጠየቁኝ፤ ዜውስ በወርቅ ዝናብ አምሳል ወርዶ ነው ስላቸው፣ «አባቱስ ይቅር፣ ልጁ ግን ጨዋ ነው» አሉ። ኬፌዎስና ካስዮጵያ፣ ፔርሴዎስና አንድሮሜዳ፣ አራቱም ከሞቱ በኋላ በሰማይ ከዋክብት ሆነው ተቀመጡ፤ ካስዮጵያ ስለ ትዕቢቷ ከነወንበሯ ተዘቅዝቃ ስትዞር ትታያለች፤ ፔርሴዎስና አንድሮሜዳም እስከ ዕለተ ምጽአት ከአማቶቻቸው አጠገብ ይኖራሉ። ሙሽራው ይህን ሲሰማ ሚኬኔን ከዝርዝሩ ሊያወጣ ቃጣው።

መንገዱ ተወስኖ፣ ጫማው ተገዝቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በጠባቡ የተራራ መንገድ ማን ከፊት ይሂድ የሚለው። ሙሽራው፣ ወንድ ነኝና ከፊት እሆናለሁ አለ፤ ልጅቱም ኦርፌዎስ ያጠፋው እኮ ከፊት ሆኖ ነው፣ ዘወር እንዳትል እኔ ከፊት እሆናለሁ አለች። እትዬ ደግሞ የሎጥን ሚስት አስታውሰው፣ ሙሽሪቷም ዘወር እንዳትል አስጠነቀቁ። እንዲህ ሆኖ፣ ሙሽሪት ከፊት፣ ሙሽራው ከኋላ፣ ሁለቱም ወደ ፊት ብቻ እያዩ እንዲሄዱ ተፈረደ። ሻንጣውን ማን እንደሚይዝ በየትኛውም አፈ ታሪክ ተጽፎ አላገኘሁም፤ ሙሽሪት ግን መጽሐፍ ሳትጠይቅ ከኋላ የሚሄደው ነው አለች።