መዳብ የሳቀ ዕለት

ከዕለታት አንድ ቀን፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ ከአንድ ጥግ በተከመረ ብረታ ብረት መካከል መንደር ነበር። በአንድ ወቅት ጣሪያ የነበረ ቆርቆሮ፣ ከጣውላ የተነቀለ ምስማር፣ ከአሮጌ ሽቦ የተላጠ መዳብ፣ እጀታው የወለቀ የአሉሚኒየም ድስት፣ ከሞባይል ሰሌዳ ላይ የተፋቀ የወርቅ ቅንጣት አብረው ይኖሩ ነበር። ቀን መዶሻው ስለማያስወራቸው የሚጫወቱት ሌሊት ነው። ሲጫወቱም ዘር ይቆጥራሉ፤ ወርቅ ጌታ፣ መዳብ የጨዋ ልጅ፣ ቆርቆሮና ምስማር ግን ማንም አስተያየት የማይጠይቃቸው ሎሌዎች ናቸው።

አንድ ምሽት ሁለት ጠርሙስ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኩለ ሌሊት ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከአንዱ ጠርሙስ ወጣና ቆርቆሮውን ያዘው። የቆርቆሮ ልብሱ ዚንክ ነው፤ ከብረቱ ላይ የተለበጠ ስስ ግራጫ ሽፋን። ዚንክ ተንተከተከ፣ ሃይድሮጅኑ በአረፋ በአረፋ እየወጣ ተነነ። “አንተ ከኋላዬ ሁን” አለው ብረቱን፤ “እኔ እያለሁ አንተን አያስቀድምም።” እንዳለውም እስኪያልቅ ድረስ እሱ ቀደመ። ዚንክ ሲያልቅ ብረቱ ተራው ደረሰ፤ ቀስ እያለ ሟሟ፣ ውሃውም ሐመር አረንጓዴ ሆነ።

መዳብ ሳቀ። “የደካማ ነገር! እስቲ እኔን ይንካኝ!” አሲዱ ሄዶ ነካው፤ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ድስቱም ለጊዜው ጸጥ ብሎ ስለቆመ ጎረቤቶቹ ጽኑ ነው አሉት። ያቆመው ግን ገላውን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ነበር፤ ቆዳው ሲበላ ከሁሉም ብሶ ፈላ።

የመዳብ ሳቅ አይገርመኝም። የጎረቤት ቤት ሲፈርስ ጭቃው ክፉ ነበር ማለት ያሳርፋል፤ ጎርፉ ወዴት እንደሚሄድ ከመጠየቅ ያድናል።

በማግስቱ ሌሊት ናይትሪክ አሲድ መጣ።

“የትናንቱ ወንድም ነህ?” አለው መዳብ እየተዝናና።

“የእሱ መሣሪያ ሃይድሮጅኑ ነበር፤ አንተ ደግሞ ለሃይድሮጅን አትበገርም። እኔ ሌላ መሣሪያ አለኝ።”

ቡናማ ጢስ ተነሣ። ቀዩ ገላ ሰማያዊ ውሃ ሆነ። “ኧረ የመንደር ያለህ!” ብሎ ቢጮህ በመንደሩ ወርቅና ምስማር ብቻ ቀርተው ነበር። ወርቅ “እኔን ምን አገባኝ” አለ።

ወርቅ የሚኮራበት ነበረው። ሃይድሮክሎሪክ ብቻውን ሞከረው፣ አልቻለውም። ናይትሪክም ብቻውን ሞከረው፤ እሱ እንኳ ከወርቅ ገላ ላይ ጥቂት ይነቅላል፣ ነገር ግን የተነቀለው ወዲያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ሌሊት ሁለቱ መከሩ። ሃይድሮክሎሪክ ሦስት እጅ፣ ናይትሪክ አንድ እጅ ሆነው ተቀላቀሉ። ናይትሪክ ይነቅላል፤ የሃይድሮክሎሪክ ክሎራይድ ደግሞ የተነቀለውን እጁን ይዞ መመለሻ ያሳጣዋል። መንቀል የማይችለው መያዝ ይችል ኖሯል። ስለ ክፋት ካሰብኩት ሁሉ ይህ ያስፈራኛል፦ የሚነቅል እጅ ብቻውን ብዙ አይጎዳም፤ መመለሻውን የሚዘጋ ሲጨመርበት ግን ወርቅም አይተርፍም። ሳይነጋ ወርቅ ብርቱካናማ ውሃ ሆነ። ከዚያ ውሃ መልሰው ሊያወጡት ከሚችሉት ዘመዶቹ አንዱ ዚንክ ነበር።

ምስማር ብቻውን ቀረ። ከሰማያዊው ውሃ የመዳብ ድምፅ እየደከመ ይሰማዋል። በዚያ ውሃ ውስጥ ናይትሪክ ጉልበቱን መዳብ ላይ ጨርሷል፤ ምስማር ባለበት ተቀምጦ ቢያድር የሚነካው የለም። እሱ ግን ተንከባለለና ገባ።

ወዲያው ቀይ ነገር በገላው ላይ ይጋገር ጀመር። መዳብ ትንሽ በትንሽ ከውሃው እየወጣ ዳግመኛ መዳብ ሆነ፤ ክብደቱ ተመለሰ፣ ቀለሙ ተመለሰ። “ዳንኩ!” አለ። ቆይቶ፣ “ማን ነው የተሸከመኝ?” ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። ከሥሩ ያለው ምስማር እየሳሳ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ውሃው ሰማያዊነቱን እየለቀቀ ሐመር አረንጓዴ ሆነ። መዳብ ያንን ቀለም የት እንዳየው ያውቃል፤ በሳቀበት ሌሊት ነው።