አራት ማማ፣ አንድ በር

የሪያዱ ማስማክ በጭቃና በጭድ የተሠራ ምሽግ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን ማማ ተገትሮለታል፣ ጠላት ከሩቅ እንዲታይ። ታዲያ በ1902 እ.ኤ.አ. የኋላው የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ከተማዋ ገባና ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ካለ ቤት አድፍጦ አደረ። ቤቱ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአገረ ገዢው የአጅላን! ሰውዬው ለነፍሱ ሳስቶ ምሽጉ ውስጥ ያድራል፣ ሲነጋ ወደ ሚስቱ ብቅ ይላል። ማማው አድማሱ ላይ ሲያፈጥ እንግዶቹ ደጃፉ ላይ ንጋት ይጠብቃሉ።

ጎብኚው ዛሬ ማማውን በጨረፍታ አይቶ በዚያ ንጋት ውጊያ በሩ ላይ ተሰክቶ የቀረውን የጦር ጫፍ ፎቶ ለማንሳት ይጋፋል። ማማዎቹ ግን ታድሰው፣ ተለስነው፣ ጥበቃ ላይ ናቸው፤ ለነገሩ ሪያድ ዙሪያቸውን ስለከበበቻቸው በረሃውም አይታያቸውም።