ለሽኝቱ የሚሆን ዩኒቨርሲቲ

ልጅዎ ውጭ ሀገር ሄዳ አርክቴክቸር ልትማር ነው? እንኳን ደስ አለዎት! የቀረው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ብቻ ነው። በዚህ ደግሞ እሷ አትቸገር፤ ቤተ ዘመዱና ቦሌ ያለው ኤጀንት ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። የእሷ ድርሻ ፓስፖርት ማውጣት ነው።

ምርጫው የሚጀመረው ከስሙ ነው። ስሙ ሲጠራ የሽኝቱ እንግዳ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ «ውይ!» ማለት አለበት። «ውይ» ካላሰኘ ይለፉት። ለዚህ የሚረዳዎት ኪውኤስ የተባለው ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ የአሜሪካው ኤምአይቲና የለንደኑ ባርትሌት ከላይ ከላይ ተቀምጠውበታል። ደረጃው እንዴት እንደተሠራ ግን አይመርምሩ። ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ምሁራን «በዘርፉ አንቱ የምትሉት የትኛውን ነው?» ተብለው የሚሞሉት መጠይቅ ነው። ዝነኛው ዝነኛ መሆኑን ከዝናው አረጋገጥን ማለት ነው። በስቱዲዮ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ሞዴል የሚሠራበት ወርክሾፕ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሰንጠረዡ አይናገርም። ቢናገርስ ማን ይሰማዋል?

ቀጥሎ አጎት አለ። አጎት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ ቤዝመንቱም ባዶ ነው። አርክቴክቸር የቦታ ጥናት አይደል? ይኸው ቦታው ተጠና። «እዚሁ አጠገባችን ኮሌጅ አለ፤ በባስ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በአራት ዓመት ትጨርሳለች» ብሏል። አራት! ሌላው አምስት ዓመት ሲፈጅ የእኛ ልጅ አንድ ዓመት አተረፈች።

እዚህ ላይ ነገር የሚያበላሽ ሰው አይጠፋም። «የአራት ዓመቱ ዲግሪ ብቻውን የሙያ ዲግሪ አይደለም» ይላል። «ኤንኤኤቢ የሚባለው አካል ዕውቅና የሚሰጠው ለአምስት ዓመቱ ባችለር ኦፍ አርክቴክቸር ወይም ለማስተርሱ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ቀጥተኛው የፈቃድ መንገድ እሱ ነው። ከዚያም 3,740 ሰዓት የሥራ ልምድና 6 ፈተና ይቀራታል።» ስለ እንግሊዝ ብትጠይቁት ደግሞ ፓርት ዋን፣ ፓርት ቱ፣ ፓርት ስሪ እያለ በተለመደው መንገድ ሰባት ዓመት ይቆጥርላችኋል። ጀርመንን ብታነሡበት በአርክቴክቶች ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው ራሱን አርክቴክት ብሎ መጥራት አይችልም ይላችኋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቡና አጠጥቶ መሸኘት ነው። አራት ዓመት የተማረችውም አምስት ዓመት የተማረችውም የሚለብሱት ያንኑ ጋውን ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ዕውቅና የለውም ተብሎ አይወርድም።

የጀርመን ነገር ከተነሣ አይቀር፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ክፍያ በሚጠይቀው በባደን ቩርተምበርግ ግዛት እንኳ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ የሚከፍለው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ነው። ለኑሮዋ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማሳየት አለባት እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው ታዲያ ችግሩ! ዘመድ «ስንት ከፈላችሁ?» ሲል «ምንም» ብለን ልንመልስ ነው? የለም፤ ቦታ ሽጠን እንልካታለን። አርክቴክት ለማስተማር ቤት የሚሠራበትን ቦታ መሸጥ የአባት ወግ ነው።

አሁን ወደ ኤጀንቱ እንሂድ። ባንዲራ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ቪዛ ጨብጠው የሚስቁ ልጆች። ብዙ ኤጀንቶች በላኩት ተማሪ ልክ ከትምህርት ቤቱ ኮሚሽን ያገኛሉ የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እውነት መሆኑ ምቀኝነታቸውን አይሽረውም። ዩኒቨርሲቲው ፖርትፎሊዮ ከጠየቀ አይደንግጡ። ልጅዎ ክረምት ገጠር ሄዳ የአያቷን ጎጆ በእርሳስ ሥላለች፤ ምሰሶው የቆመበትን፣ ጭሱ በክዳኑ የሚወጣበትን፣ ጥጃው የሚታሰርበትን ሁሉ አስፍራለች። ኤጀንቱ አየት አድርጎ «ይሄ ይቅር» ይላል። እሱ ኮምፒውተር ውስጥ የተዘጋጀ መስታወት ለበስ ሰማይ ጠቀስ አለ፤ አራት ልጆች ልከውበታል፣ አምስተኛዋ የእርስዎ ናት።

ግቢውን ሳያዩ መምረጥም አያሳፍርም። ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ሳይረግጥ የከተማ ፕላን ነድፎላት፣ ለሞሶሎኒ ለማቅረብ ሞክሮ ነበር። እሱ ካላፈረ እኛ በብሮሹር ለምን እናፍራለን?

ከሁሉ በላይ ግን ልጅዎ እንደ ፍራንሲስ ኬሬ እንዳትሆንብዎ ይጠንቀቁ። ከቡርኪና ፋሶ ተነሥቶ በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነው። ያ ሁሉ በረዶ ተችሎ ምን ተማረ? ሳይመረቅ ገንዘብ አሰባስቦ ወደ መንደሩ ወደ ጋንዶ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ2001 ከሸክላ አፈር ትምህርት ቤት አስገነባ። ክዳኑን ከግድግዳው ከፍ አድርጎ ሙቀቱን በነፋስ አስወጣው። በርሊን ድረስ ሄዶ ጭቃ! እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ታላቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ መባሉ ለእናቱ ምን መጽናኛ ይሆናል?

ይህ የጭቃ በሽታ ደግሞ ተላላፊ ነው። የዙሪክ አርክቴክቶች አዲስ አበባ ልደታ ድረስ መጥተው እዚያ ካለው የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት ጋር በአፈር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተዋል። እነሱ ጭቃ ፍለጋ ወደ እኛ፣ እኛ መስታወት ፍለጋ ወደ እነሱ፤ መንገድ ላይ ተላለፍን። የእኛ ምርጫ የቱ እንደሆነ ቦሌ ወርዶ ማየት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ሠራተኛው መጋረጃውን ዘግቶ፣ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ፣ ቬንቲሌተር አዙሮ ይሠራል፤ ያውም በአዲስ አበባ አየር!

እንግዲህ የመጨረሻ ምክር። ተማሪዎቹ የሠሩትን አይመልከቱ፤ ዲግሪው የት ሀገር ፈቃድ እንደሚያሰጥ አይጠይቁ፤ የተመረቁትን ፈልገው ምን እየሠሩ እንደሆነ አያናግሩ፤ ልጅዎንም «ምን ዓይነት ቤት መሥራት ትፈልጊያለሽ?» ብለው አያስጨንቋት። ምናልባት ሦስት ዓመት የኩሽና ካቢኔት እየሣለች ከቆየች በኋላ ሌላ ሙያ ትማር ይሆናል። ግድ የለም፤ እኛ የፈለግነው ተመራቂ ነው። ቤት መሥራት ያማረን ዕለት፣ መቼም አፈሩንና የግንባታ ፈቃዱን የሚያውቅ አርክቴክት ከልደታ አናጣም።