ለጊዜው የታሰረ ሽቦ

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እምብዛም በማይርቀው፣ በመኪና መለዋወጫ ገበያነቱ በሚታወቀው ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ዕቃ ገዝቶ በገዛ እጅ መግጠም ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን፣ ዋነኛው ፅንሰ ሐሳብም «ለጊዜው» ይባላል፤ ይህም የተንጠለጠለ ጭስ ማውጫ በሽቦ ከታሰረበት ዕለት አንሥቶ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ያለውን ዘመን ያመለክታል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም፣ ከቋንቋው የተወረሱት ካቻቢቴ፣ ማለትም ብሎን መፍቻ፣ እና ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ዛሬም ከባለመኪናው እጅ አልወጡም፤ ከመነዳሪው በስሱ ተቀዶ በሚያፈስ የውኃ ቱቦ ላይ ይጠመጠማል። የቤንዚን ጋን ሲሰነጠቅ ደግሞ ደረቅ ሳሙና ስንጥቁ ላይ ይታሻል፤ ቤንዚን ሳሙናን በቀላሉ ስለማያሟሟ ዘዴው ለጥቂት መንገድ በእርግጥ ይሠራል፤ ችግሩ ጥቂቱ መንገድ ጅማ ድረስ መርዘሙ ነው። ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ ካበቃ በኋላ መሬት ላይ የሚተርፈውን ብሎን በተመለከተ፣ የዘርፉ ሊቃውንት «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» በማለት በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል፤ ፍሬኑ ግን እስካሁን አስተያየቱን አልሰጠም።